የማለዳ ገዢ

ልብስ ቤቱ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ የምጠብቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው በበዛበት መግባት ስለማልወድ ሁልጊዜ የምመጣው በማለዳ ነው። ወልድያ ገና አልነቃችም። ከመናኸሪያው በኩል ባጃጆች አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። መብራት ከጠፋ ወራት አልፈዋልና ሱቁ ውስጥ ያለው ብርሃን በበሩ የሚገባው ብቻ ነው። የብረቱ በር በጥይት የተበሳሳበትን ቦታ በቆርቆሮ ለጥፈውታል፤ ከመደርደሪያዎቹም የሚበዙት ባዷቸውን ናቸው። ጦርነቱ በታኅሣሥ ከከተማዋ ሲወጣ ሳይወስድ የተወው ነገር ትንሽ ነው።

ሻጮቹ ሁለት ናቸው። ስማቸውን የማውቀው እርስ በርስ ሲጠራሩ ሰምቼ ነው። ንግሥት ከባንኮኒው ኋላ ሸሚዝ ታጥፋለች፤ አማን ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በጄኔሬተር ቻርጅ ያስደረገውን ስልኩን ይነካካል።

ደኅና አደራችሁ አልኩ። አማን አንገቱን ሳያቀና አንድ ነገር አጉረመረመ። ንግሥት ዐየችኝና ፊቷ ተለወጠ፤ የተበላሸ ወተት የሸተተው ሰው ፊት ሆነ። እኔ እንደ ልማዴ ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ ወደተሰቀለው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ቀና አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቴ ነው። ዛሬ ግን እንድለካው ልጠይቅ ወስኜ ነበር፤ ከመርሳ እስክደርስ መኪናው ውስጥ ቃሉን ስለማመደው ነው የመጣሁት።

"ኮቱን ብታወርጅልኝ፣ ልለካው ነበር።"

"የሚለካው የሚገዛ ሰው ነው" አለች ንግሥት። "ትገዛለህ አትገዛም?"

አማን ከጥጉ ሆኖ፣ "ተይው እንጂ ንግሥት፣ ኮቱ ናፍቆት ነው። ፎቶውን አንስተን እንስጠውና እየተሳለመ ይቀመጥ" አለና ሳቀ።

አባቴ ፍየል ሸጦ የሰጠኝ ገንዘብ ኪሴ ውስጥ ነበር። እገዛለሁ ማለት አንዲት ቃል ናት። እሷም ብትሆን አልወጣችልኝም። ላስብበት የሚል ነገር አልጎመጎምኩና ዞሬ ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ ውኃ ሲፈስ ሰማሁ። ንግሥት ጣሳ ይዛ የቆምኩበትን ደጃፍ ከዳር እስከ ዳር አጠበችው። ፍንጣቂው ጫማዬን አገኘው። ወደ እኔ አላየችም፤ የምታየው መሬቱን ብቻ ነበር። እኔም ጫማዬን አየሁ። ከአገሬ ከግራና የያዝኩት የመንገድ ጭቃ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ዱካዬን ነው ያጠበችው አልኩ በልቤ፤ እስከ መሥሪያ ቤቶቹ ሰፈር ድረስ ሰው ሁሉ እግሬን የሚያይ እየመሰለኝ በጥግ በጥጉ ሄድኩ።

*

ኮቱን የፈለግሁት ለሩት አባት ስል ነው።

ሩት የወልድያ ልጅ ናት፤ ዲግሪ አላት፤ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ትሠራለች። እኔ ከግራና አለፍ ብላ ባለች ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ፤ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አላሳለፍኩም። ሰላም ቢሆን ኖሮ እኔና እሷ በአንድ መንገድ ላይ እንኳ አንተላለፍም ነበር። በነሐሴ ወልድያ ስትያዝ ግን ሩት ከአባቷ ከመምህር ስዩምና ከእናቷ ጋር በእግር ወጥታ እኛ ቤት ደረሰች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ወዲያው ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ ከእኛ ጋር ቆዩ።

በእኛ ቤት እኔ ዓይን አፋር አልነበርኩም። ማሽላው ሲያፈራ እኔና ሩት ማማው ላይ ተቀምጠን ወፍ እንጠብቅ ነበር። እሷ ወንጭፍ ስትወረውር ድንጋዩ ወደ ኋላዋ እየሄደ ያስቀን ነበር። ስለ ዩኒቨርሲቲ ትነግረኛለች፤ እኔም ስለ ዝናብና ስለ በሬ እነግራታለሁ። መድፉ ከሩቅ ሲያጓራ ወሬያችንን እናቋርጥና ሲያበቃ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አንድ ቀን ሳናቋርጥ አወራን። የተዋደድነው ያን ቀን ይመስለኛል።

ወልድያ ነጻ ስትወጣ እሷም ወደ ከተማዋ ተመለሰች። የስልክ መስመር ስላልተመለሰ በመርሳ ሚኒባስ ረዳት እጅ ደብዳቤ ትልክልኝ ነበር። አባቴ ሽማግሌ ሊልክ ሲሰናዳ ከሩት አጭር ወረቀት ደረሰን፦ "አባቴ ሽማግሌ እንዳትልኩ ብሏል። ልጁ ራሱ ይምጣ ብሏል።"

አባቴ አቶ ደሞዜ ይህን ሲሰማ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ አለ። ሽማግሌ የሌለው ጋብቻ ከስርቆት በምን ይለያል ነበር ያለው። ኋላ ግን ነገሩ ገባን። ከግራና የሚሄዱት ሽማግሌዎች በችግሩ ቀን መምህር ስዩምን ያበሉና የደበቁ ናቸው። እነሱ ከፊቱ ቆመው ልጅህን ለልጃችን ካሉት እምቢ የሚልበት አፍ አይኖረውም። ብቻዬን ከሄድኩ ግን እምቢ ማለት ይችላል። እኔ ደግሞ እንኳን ከመምህር ጋር፣ ከልብስ ሻጭ ጋር መነጋገር ያቃተኝ ሰው ነኝ። ቀጠሮው ለቅዳሜ ነው። ሰኞ መምህር ስዩም ቤተሰቡን ይዞ ደሴ ሊገባ ዕቃ እየጠቀለለ ነው፤ ለሩትም ዝውውር ጨርሶላታል። ከቅዳሜ በኋላ የምለው ነገር ሁሉ የሚሰማው አያገኝም።

*

ሩትን ከመሥሪያ ቤቷ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት አገኘኋት። ከስታለች። ዕንቅልፍ ያጣ ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ጫማዬ ላይ ነው። ከየት ረጠብክ አለችኝ። መዋሸት አልችልበትምና ነገርኳት። ፎቶ እንስጠው መባሌንም፣ ውኃውንም።

"እና ምን አልካቸው?"

"ምንም።"

"ምንም" አለች ቃሌን ደግማ። የሱቁን ባለቤት ሐጂ አብዱልሐሊምን እንደምታውቀው፣ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ እንደሚቀመጥ፣ ቅን ሰው እንደሆነ ነገረችኝ። ሄደህ ንገረው አለችኝ። ሴትዮዋ ብትባረርስ፣ በዚህ ጊዜ ሥራ ከየት ይገኛል አልኳት። እሷ እንድትባረር አላልኩም፣ አንተ እንድትናገር ነው ያልኩት አለችኝ።

ሻይዋ ቀዘቀዘ። ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ አደረገችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አበባው፣ ለአንዲት ሻጭ መልስ ያጣህ ሰው ለአባቴ ምን ልትመልስ ነው? በየማታው እቤት ውስጥ ባንተ ፈንታ የምከራከረው እኔ ነኝ። ደክሞኛል። ቅዳሜ እኔ ጓዳ ነው የምሆነው። የምሰማው ያንተን ድምፅ ነው ወይስ ዝምታህን?" አለችኝ።

እጇን ልይዘው ፈለግሁ። ሻይ ቤቱ ሰው አለበት። እጄ ጠረጴዛው ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ፤ እሷም ዐየችው፤ እስኪደርስ ትንሽ ጠበቀችና ተነሣች። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ያየችኝ አስተያየት ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ስድብ አልነበረም፤ ሐዘን ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ በሱቁ ፊት ለፊት ስመላለስ ዋልኩ። ልክሰስ እላለሁ፤ ሴትዮዋ እንጀራዋን ስታጣ ይታየኛል። ልተወው እላለሁ፤ የሩት አስተያየት ይመጣብኛል። ለሴትዮዋ ያዘንኩላት ይሁን የፈራሁ ለራሴም አልለይ አለኝ። ፍርሃት ብልጥ ነው፤ የርኅራኄ ልብስ ለብሶ ይመጣል።

ሐጂ አብዱልሐሊም ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ ሙስበሃውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ ይቆጥራል። ነጭ ጢም ያለው፣ ቀጭን ሽማግሌ ነው። በመጨረሻ እሱ ራሱ ጠራኝ።

"አንተ ልጅ፣ ከፊቴ ስትመላለስ እግርህ ሊያልቅ ነው። ከየት ነህ?"

ከግራና ነኝ አልኩት።

"ማሻ አላህ። ታዲያ የግራና ሰው ደጅ ላይ ይቆማል? ግባ። የሆንከው ነገር አለ፤ ሀቂቃውን፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አብሽር፣ አትፍራ።"

ተከትዬው ገባሁ። ንግሥት ሸሚዙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ዓይኗ ከእኔ ወደ ሐጂ፣ ከሐጂ ወደ እኔ ተመላለሰ። ያን ፊት አወቅኩት። ጠዋት እኔ ኮቱ ሥር የቆምኩት በዚያ ፊት ነው። የሚያስፈራኝ ሰው እኔን ሲፈራኝ ያየሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ደስ የሚል ነገር አልነበረውም።

"አንቱ ከፈቀዱልኝ" አልኩት ሐጂን፣ "እሷኑ ከፊትዎ ልጠይቃት።"

ጠይቅ አለኝ። ወደ እሷ ዞርኩ።

"ጠዋት የቆምኩበትን በውኃ አጠብሽው። ምን ቆሻሻ አየሽብኝ?"

"ቆሻሻ?" አለች ንግሥት። የእውነት የደነገጠች ትመስላለች። "ኧረ እኔ ስለ ቆሻሻ አይደለም።"

ከዚያ ነገሩን ዘረገፈችው። የልብስ ነጋዴ በማለዳ መጀመሪያ የገባውን ሰው እንደ ዕድሉ ያየዋል፤ ያ ሰው ገዝቶ ከወጣ ቀኑ ይሰምራል፤ ባዶ እጁን ከወጣ ቀኑ ይደርቃል፤ ውኃ የሚፈሰው ያን ድርቀት ከደጃፍ ለማራቅ ነው። እኔ ደግሞ በመጣሁ ቁጥር ቀድሜ እገባለሁ፣ ኮቱን ዐያለሁ፣ እወጣለሁ። በመጣሁባቸው ቀናት ሁሉ እስከ ማታ ድረስ ሰው አልገባም። ሱቁ ከተዘረፈ ወዲህ ሐጂ ይዘጉታል እያልን ስንጨነቅ ነው የምናድረው አለች። አማን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔ ይህን ከየት ልወቅ? በእኛ ገበያ በማለዳ የሚገዛ ሰው ቂል ይባላል። ጠዋት ገበያውን ትዞራለህ፣ ታያለህ፣ ትጠይቃለህ፤ የምትገዛው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻጩ ለመንገድ ሲቸኩል ነው። በዚያ ላይ ማለዳ የምመጣው ሰው ስለማፍር ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሐጂ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

"አንተ በገበያህ ሕግ፣ እሷ በገበያዋ ሕግ። ሱብሃነላህ፣ እኔን መሀል ቤት ልታከስሩኝ ነው" አለ።

ሁሉም ሲስቅ እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ሳቁ መውጫ በር ነበር። ግን ከሆዴ ያልወጣ ነገር ቀርቶኝ ነበር።

"ውኃውን አላወቅኩም ነበር፤ ብትነግሪኝ ከሰዓት እመጣ ነበር" አልኳት። "ፎቶውን እየተሳለመ ይቀመጥ ማለት ግን የገበያ ሕግ አይደለም። እሱ አሞኛል።"

ይቅርታ ወንድሜ ያለኝ አማን ነው፤ ጆሮው ቀልቷል። ሐጂ ሁለቱን አንድ ጊዜ ብቻ ዐያቸው። ያ አስተያየት ለእነሱ በቂ ነበር። ንግሥት በርጩማው ላይ ወጥታ ኮቱን አወረደችና ራሷ አለበሰችኝ። ትከሻው ጠበበኝ። ዞር ዞር አድርጋ ዐየችኝና፣ "አይሆንህም፣ አትግዛው። ሌላ ሲመጣ አስቀምጥልሃለሁ" አለችኝ። ዓይን ለዓይን ያየችኝ ያን ጊዜ ነው።

ኮት ሳልይዝ ወጣሁ። ከሱቁ ትንሽ እንደራቅሁ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ቀኑን ሙሉ ሳርስ እንደዋልኩ ሁሉ ሰውነቴ ዝሏል። ደስ ያለኝም አልመሰለኝም፤ ብቻ ጀርባዬ ላይ የነበረ ነገር የለም።

*

ቅዳሜ በሹራቤ ሄድኩ።

የመምህር ስዩም ሳሎን መስኮት በላስቲክ ተሸፍኗል። ማዳበሪያ ጆንያዎችና በገመድ የታሰሩ መጻሕፍት በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። መምህር አልተነሣም። በእጁ ወንበር አመለከተኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ላስቲኩ ውጭውን አያሳይም፤ እሱ ግን የሚታየው ነገር ያለ ይመስል አፍጥጦ ያየው ነበር። ከጓዳው መጋረጃ ሥር የሩት ነጠላ ጫማ ጫፍ ይታየኛል።

"ቤተሰቦችህ ያደረጉልንን እስክሞት አልረሳውም" አለ ለመስኮቱ። "ነገር ግን ውለታ በልጅ አይከፈልም።"

ከዚያ ስለ ትምህርቷ ተናገረ፤ ስለ እኔ ስምንተኛ ክፍል ተናገረ፤ አገሩ እንዳልተረጋጋ፣ ነገ ምን እንደሚመጣ እንደማይታወቅ ተናገረ። አነጋገሩ የተጠና ነበር። የሚለው ሁሉ እውነት ነው። እኔ የተለማመድኩት ንግግር ከራሴ ጠፋ። ማሽላው፣ በሬዎቹ፣ ልሠራው ያሰብኩት ቤት፣ ሁሉም ጠፋ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ጋሽ ስዩም፣ ቅሬታ አለኝ።"

ዞረ። "ቅሬታ?"

"አንቱ እኛ ቤት ሲደርሱ አባቴ ከመደቡ ተነሥቶ ነው የተቀበለዎ። እኔ ዛሬ ስገባ አልተነሡልኝም። ፊቴንም አላዩትም። ውለታ ልሰበስብ አልመጣሁም፤ ሩትን ስለምወዳት ነው የመጣሁት። እምቢ ካሉኝ እምቢታዎን ይዤ እሄዳለሁ። ግን እያዩኝ እምቢ ይበሉኝ።"

የጫማው ጫፍ ተንቀሳቀሰ። መምህር ስዩም ጉልበቱ ላይ ያረፉ እጆቹን አጣመረ።

"አንተን ባየሁ ቁጥር ያ ገደል ነው የሚታየኝ" አለ። አሁን ድምፁ የተጠና አልነበረም። "መድፉ ሲጠጋን ልትደብቀኝ ወደ ዋሻው ስትወስደኝ። ተቅማጡ አድክሞኝ፣ ልብሴን አበላሽቼ፣ እንደ ሕፃን በጀርባህ ተሸክመኸኝ። እኔ በዚህ ከተማ ሳልፍ ትልልቅ ሰዎች መምህር ብለው ቆመው የሚያሳልፉኝ ሰው ነኝ። ልጄን ብሰጥህ ያን ያየ ሰው በየበዓሉ ከፊቴ ሊቀመጥ ነው።"

"ለማንም አልተናገርኩም" አልኩ። "ለሩትም።"

"አውቃለሁ። የባሰብኝም እሱ ነው።"

ሩት መጋረጃው ጀርባ እንዳለች አውቃለሁ። ቀጥሎ የምለውን እሷ ሳትሰማኝ ብናገረው በወደድኩ። ግን ሰውየው ከፊቴ ብቻውን ነበር። እሱ የማያውቀው ነገር ነበረኝና ብቻውን ልተወው አልቻልኩም።

"ጋሽ ስዩም፣ አንቱ ጀርባዬ ላይ ስለነበሩ አላዩኝም። መድፉ ከላያችን ሲያልፍ እኔም ሱሪዬን አርጥቤያለሁ። ዋሻው ስንደርስ ወንዝ ወርጄ ልብስዎን ሳጥብ የራሴንም አብሬ ነው ያጠብኩት። ከዚያ ወዲህ ይህን ያወቀ ሰው የለም።"

አፍጥጦ ዐየኝ። መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ፤ እያለቀሰ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር። ሳቁ ግን ብዙ አልሄደም፤ መሀል ላይ ተሰበረና ዕንባ ሆነ፤ መነጽሩን አወለቀ። የመምህር ዕንባ ሲወርድ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ከዚያ ያልኩትን አስታውሼ ፊቴን መለስኩና ዐየሁት።

ሲረጋጋ የወንበሩን መደገፊያ ይዞ ተነሣ። ደክሞታል፤ ቀስ ብሎ ነው የተነሣው። እኔም ተነሣሁ።

"አባትህን ሰላም በልልኝ" አለ። "ሽማግሌዎቹን ይላክ። ደሴ ድረስ መምጣቱ ካልከበዳቸው።"

ከጓዳው አንድ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፤ ለወራት ተይዞ የቆየ ትንፋሽ ይመስል ነበር።

*

ሩት መንገድ ላይ ደረሰችብኝ። እስከ መናኸሪያው ጎን ለጎን ሄድን። የሚፈነድቅ ደስታ እጠብቅ ነበር፤ የመጣው ግን ድካም ነው፤ ሸክም አውርዶ ውኃ ዳር የተቀመጠ ሰው ድካም። ሰኞ መሄዷ አልቀረም። የመንገዱ ነገር፣ የነገው ነገር አልታወቀም። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንደ እኛው የደከመ ይመስል ነበር።

"ለአባቴ ያልከውን ለእኔ ድገምልኝ" አለች።

"የትኛውን?"

"ሱሪውን አይደለም" አለች፤ የከንፈሯ ዳር ፈገግ አለ። "ከዚያ በፊት ያልከውን። ስለምወዳት ነው የመጣሁት ያልከውን።"

አፌን ከፈትኩ። ባጃጅ ነጂዎች ያዩናል፤ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ታየናለች። እንኳን ቃሉ ትንፋሹም አልወጣልኝ አለ። ሩት ጠበቀች፤ ጠበቀችና ከእኛ ማማ ከወረደች ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቋን ሳቀች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችው። ከበደኝ። ስታለቅስ ሹራቤ ሞቀኝ።

ረዳቱ መርሳ፣ ውርጌሳ እያለ ይጣራል። ሚኒባሱ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶታል። ወንድም፣ አትገባም ወይ አለኝ።

"በሚቀጥለው" አልኩት፤ ከተማው ሁሉ እስኪሰማኝ ድረስ ድምፄን ከፍ አድርጌ።